ገና ያልመጣው አሥር ቁጥር

አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት ኳሱ በእጅ የሚያዝበት ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ኳርተርባክ የሚባል ተጫዋች አለ፤ ኳሱ መጀመሪያ እሱ እጅ ይገባል፣ ወዴት እንደሚሄድም እሱ ይወስናል። ስለዚህ ወጣቶችን የሰበሰበ ቡድን ሁሉ ይጨነቃል፦ ቀጣዩን መሪ አስቀድሞ ይፈልግ ወይስ ቡድኑን ሠርቶ ይጠብቀው? እኛ ዘንድ ለዚህ ቦታ የሚቀርበው አቀባዩ አሥር ቁጥር ነው።

ጥያቄው በወሎዋ ከተማ በከሚሴ ሲነሳ ይከብዳል። አመሻሽ ላይ ልጆች ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ሲጫወቱ ከመሀላቸው ብዙ የማይሮጥ አንድ አይጠፋም። ኳሱ ሳይደርሰው ዞር ብሎ ያያል፤ ሲደርሰው ለማን እንደሚያቀብል ወስኖ ጨርሷል። ጓደኛው ወደ ክፍት ቦታው ካልሮጠለት ግን ያ ሁሉ ብልሃት ለተመልካች የተበላሸ ኳስ ነው። እንግዲህ አቀባዩ የሚታወቀው በሚሮጡለት ነው፤ የሚሮጡትም መሮጥን የሚማሩት ከእሱ ነው። ማን ይቅደም? አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር ቁጥሩ በስሙ ተመዘገበ፤ ያቀበሉት እግሮች ቁጥሩ ውስጥ አይታዩም።

ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰበት በጥር 2005 ዓ.ም. ሽመልስ በቀለ በመሀል ሜዳ ነበር። ቡድኑ በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ሲጫወትም ሽመልስ አብሮ ነበር። ዘጠኝ ዓመት! ለተጫዋቹ ትልቅ ክብር ነው። ለእኛ ግን በእነዚያ ዓመታት ከጎኑ ማንን አስቀምጠን ነበር የሚል ጥያቄ ነው።

ግሪን ቤይ ፓከርስ የተባለው የአሜሪካ ክለብ ለዚህ የሰጠው መልስ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 አሮን ሮጀርስን ሲመርጥ ብሬት ፋቭር ገና በቦታው ነበር፤ ልጁ ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ቆየ። በ2020 ደግሞ ጆርዳን ላቭን መረጠና ሮጀርስ እያለ እሱንም ሦስት ዓመት አስጠበቀው። ክለቡ ገንዘቡን ያወጣው ለተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን አሮጌውና አዲሱ አብረው ለሚቆዩበት ጊዜም ነው። ማን ይቅደም የሚለው እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚያ ጊዜ ውስጥ ይመስለኛል፤ ልጁ ቡድኑን፣ ቡድኑም ልጁን ይለምዳል።

ይህን ለማየት አሜሪካ ድረስ መሄድም አያሻም። የከሚሴ ኦሮሞ ኑሮ ዛሬ በእስልምና ሥርዓት የተቃኘ ነው፤ ዘመዶቹ ቦረናዎች ግን እስካሁን በገዳ ሥልጣን ይረካከባሉ። አባ ገዳው ሥልጣን ከመያዙ ከዓመታት በፊት ይመረጣል፤ እስኪደርስ እያየ ይማራል። ኩራ ጃርሶ በ2009 ዓ.ም. የተረከቡትን በ2017 ዓ.ም. ለጉዮ ቦሩ አስረከቡ። ስምንት ዓመት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን ደግሞ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው፤ በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። አሳባቸውም አብሮ ይዘጋል። በዚህ ዓመት ላለመውረድ የሚታገል አሠልጣኝ የ17 ዓመት ልጅ እንዲያበስል መጠየቅ ቀልድ ነው። በአሜሪካ መጨረሻ የወጣው ቡድን ከአዲስ ወጣቶች መጀመሪያ ይመርጣል፤ እኛ ዘንድ መጨረሻ የወጣው ይወርዳል።

ልጁም ቢሆን ጊዜ የለውም። ከከሚሴና ከአካባቢዋ ስንት ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። ያ ብዙ የማይሮጠው ልጅም ቤቱ የሚጠብቀው ገንዘብ አለ። ስለ ተተኪ ስናወራ የምንከራከረው ማን ጎበዝ ነው በሚለው ላይ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ጉዳይ የመጠበቂያውን ዘመን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

መክፈሉ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ቦረናው ተራው የሚደርስበትን ዓመት ያውቃል። ተጠባባቂው ተጫዋች አያውቅም፤ ጉልበት ይጎዳል፣ አሠልጣኝ ይለወጣል፣ ቦታውን የያዘው እንደ ሽመልስ ዘጠኝ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ተራው ሳይደርስ 25 ዓመት ለሞላው ልጅ ክለቡ ምን ዕዳ አለበት? ቢያንስ በተጠባባቂነት ሳለ ትምህርቱን ወይም አንድ ሙያ እንዲጨርስ ውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት እላለሁ፤ ደመወዙ ከዋናው ቡድን ቢያንስም፣ ሰኔ 30 ላይ የማይቋረጥ ቢሆን።