ማስደሰት ጥበብን ያረክሳልን?

የጥበብን ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲፈታተነው የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ አድማጭን ማስደሰትና አድማጭን ማክበር አንድ ናቸውን ወይስ ልዩ ልዩ? የሚል ነው። ጥያቄው ባለቅኔውንም፣ ተዋናዩንም፣ ሙዚቀኛውንም ይመለከታል። ይሁን እንጂ እንደ ፖፕስ ኮንሰርት ጥያቄውን አፍጥጦ የሚያወጣው መድረክ ጥቂት ነው። በዚህ መድረክ ላይ ታላቅ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የክብር ልብሱን ሳያወልቅ ሕዝብ የለመደውን ዜማ ይጫወታል፤ ከፊቱም አምስት የናስ መሣሪያ ተጫዋቾች ቆመው ታዳሚውን ያስቁታል፣ ያስጨበጭቡታል። ታዲያ ይህ የጥበብ መስፋፋት ነው ወይስ የጥበብ መርከስ?

ፍርድ ከመሰጠቱ አስቀድሞ የነገሩን አመጣጥ መመልከት ይገባል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን የተባለው ባለሀብት የቦስተንን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በ1881 አቋቋመ። በወጣትነቱ ሙዚቃ ባጠናባት በቪየና ከተማ የተለመዱትን የአትክልት ሥፍራ ኮንሰርቶች ስለሚያስታውስ፣ በቦስተንም ቀለል ያለ ሙዚቃ የሚሰማበት የበጋ ዝግጅት እንዲኖር ፈለገ፤ ዝግጅቱም በ1885 ተጀመረ። ከተማዋን ያዝናናል፤ ሙዚቀኞቹም ዋናው የኮንሰርት ወራት ሲያበቃ ሥራ እንዳይፈቱ ያደርጋል። ኋላ ቦስተን ፖፕስ የተባለው ይኸው ነው። በ1900 በተከፈተው ሲምፎኒ ሆል ውስጥ የፖፕስ ወራት ሲደርስ የወለሉ ወንበሮች ተነሥተው ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፤ አድማጩም እየበላና እየጠጣ ያዳምጣል። አርተር ፊድለር በ1929 በቻርልስ ወንዝ ዳር ያለ ክፍያ የሚታይ የአደባባይ ኮንሰርት ጀመረ፤ ከ1930 አንሥቶ እስከ ሞተበት እስከ 1979 ድረስም ፖፕስን መራ። ጁላይ 4 ቀን 1976 የአሜሪካ ነፃነት 200ኛ ዓመት ሲከበር በወንዙ ዳር የተሰበሰበው ሕዝብ ወደ 400,000 ተገምቷል። እንግዲህ ፖፕስ ከልደቱ ጀምሮ ከእንጀራና ከደስታ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ይህንንም ማንም የሸሸገው የለም።

በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ የናስ መሣሪያዎች ወንበር ከኋላ ነው። ድምፃቸው ጉልበተኛ ስለሆነ የቫዮሊኑን ክር እንዳይውጠው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። የሥራቸውም ትልቁ ክፍል መጠበቅ ነው። ቤትሆቨን በ1808 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰማው በአምስተኛው ሲምፎኒው ውስጥ ትሮምቦኖችን ያስገባቸው በመጨረሻው በአራተኛው ክፍል ነው። ተጫዋቾቹ ሦስቱን ክፍሎች መሣሪያቸውን ታቅፈው፣ ተራቸውን እየቆጠሩ ያሳልፋሉ። የናስ ጓድ ከኦርኬስትራው ፊት በሚቆምበት ምሽት ግን ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ። ያን ጊዜ ፈተናው ይከብዳል። አምስቱ ሙሉ ትንፋሻቸውን ቢለቁ ከኋላቸው ያለውን የክር ድምፅ ሁሉ ሊሸፍኑት ይችላሉ። ስለዚህ የጉልበታቸው ልክ የሚታወቀው በሚቆጥቡት ትንፋሽ ነው። በዜማና በዜማ መካከል የሚሰማው ጨዋታና ቀልድ እንኳ ጥቅም አለው፤ የናስ ተጫዋች ድምፅ የሚፈጥረው ከንፈሩን በማርገብገብ ስለሆነ፣ ታዳሚው ሲስቅ ከንፈር ያርፋል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ታላላቅ አሳቢዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ቆመዋል። ቶልስቶይ በ1898 በወጣው ስለ ኪነ ጥበብ ምንነት በጻፈው መጽሐፉ፣ እውነተኛ ጥበብ ስሜትን ከሰው ወደ ሰው የሚያጋባ፣ ተራው ሰው ሁሉ ሊረዳው የሚችል መሆን አለበት ሲል ተከራከረ። በዚህም መስፈርት የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ እንኳ ከመልካም ጥበብ ዝርዝር አስወጣው። በአንጻሩ ጀርመናዊው ፈላስፋ ቴዎዶር አዶርኖ በ1938 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሙዚቃ የገበያ ዕቃ በሆነበት ዓለም አድማጭ የሚወደው አስቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ እንደሆነና የማዳመጥ ችሎታው ወደ ኋላ እንደሚመለስ አስጠነቀቀ። ሁለቱም የእውነት ክፋይ ይዘዋል። ነገር ግን የቶልስቶይ ሚዛን ትዕግሥት የሚጠይቀውን ሥራ ሁሉ ይጥላል፤ የአዶርኖ ሚዛን ደግሞ ትዕግሥቱን የሚማርበት ዕድል ያላገኘውን ሰው ከደጅ ያስቀራል።

ነገሩ በምሳሌ ይመርመር። ካናዲያን ብራስ በ1970 በቶሮንቶ የተመሠረተ የአምስት ሰዎች ጓድ ነው፤ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ሆርን፣ አንድ ትሮምቦንና አንድ ቱባ። አባላቱ ከጥቁር የክብር ልብስ ጋር ነጭ የስፖርት ጫማ አድርገው መድረክ ላይ በመውጣትና ከታዳሚው ጋር በመቀላለድ ታውቀዋል። ይህን ያየ ሰው ጨዋታ ብቻ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ባክ ለኦርጋን የጻፈውን ባለ ሶል ሚኒየር አጭር ፉግ ለአምስት ናስ አስተካክለው ይጫወታሉ። በፉግ ውስጥ አንዱ ድምፅ የጀመረውን ሐሳብ ሌላው ተቀብሎ ያራምዳል፤ አንዱ ቢታበይ ሌላው አይሰማም። እዚህ ላይ ነጭ ጫማ የተበላሸውን ድምፅ አያቃናም፤ ሣቅም አይሸፍነውም። ሕዝቡን ያሣቁት ሰዎች ሕዝቡን እንዳልናቁት የሚታወቀው በዚህ ነው።

የኢትዮጵያም ታሪክ ለዚህ ምስክር አለው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ አርባ ልጆች በመባል የሚታወቁት አርመናውያን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ መሣሪያ ይጫወቱ የነበረው ለቤተ መንግሥት ክብርና ለሰልፍ ነበር። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን ትራምፔትና ትሮምቦን በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የፍቅርና የትዝታ ዘፈን አጃቢዎች ሆኑ። ጥላሁን ገሠሠም ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ዘፈነ። ናሱ ከሰልፉ ወደ ሕዝቡ ልብ በመውረዱ ክብሩ አልቀነሰም፤ ለሰልፍ የተማረውን ሥርዓት ወደ ዘፈኑ ይዞት ገባ እንጂ።

ይህ ሁሉ ሲባል አደጋ የለም ማለት አይደለም። አድማጭ የለመደውን ብቻ እየደጋገመ የሚያቀርብ መድረክ አድማጩን እንደ ሕፃን ያባብለዋል፤ ማባበልም የመናቅ ሌላ መልኩ ነው። ከዚህ አኳያ የፊድለር ልማድ ትምህርት ይሰጣል። ምሽቱን ለሦስት ይከፍለው ነበር። በመጀመሪያው ቀለል ያሉ የክላሲክ ሥራዎች፣ በመካከለኛው ብዙ ጊዜ ከነብቸኛ ተጫዋቹ ኮንቼርቶ፣ በመጨረሻው ሕዝብ የሚወዳቸው ዜማዎች ይቀርባሉ። ለመጨረሻው ክፍል ሲል የመጣ ሰው በመካከለኛው በኩል ማለፍ ነበረበት። ከሚያልፉት ብዙዎቹ ምናልባት ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን እየቀማመሱ አልፈውታል። አንዱ ግን ሹካውን አስቀምጦ አዳምጦ ይሆናል።

ጥበብን የሚያረክሳት እንግዲህ ደስታው አይደለም፤ «ይህ ሕዝብ አይለይም» የሚለው የተደበቀ ሐሳብ ነው። ይህ ሐሳብ በዝግ አዳራሽም ሆነ በወንዝ ዳር፣ በረቂቁ ሲምፎኒም ሆነ በታወቀው ዜማ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ያደረበት ሙዚቀኛ ልምምዱን ያሳጥራል፤ ያላደረበት ግን ከሺሕ ሰው መካከል አንድ ሰው እንኳ የማያስተውለውን ድምፅ ለማቃናት ይደክማል። ጭብጨባው ለሁለቱም እኩል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን መጀመሪያ የሚያውቀው ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ያውቀዋል።