ያልተነፋው ጥሩምባ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ዕድር ነበረ አሉ። ምሳሌ ነውና ዕድሩንም ሰዎቹንም በስም አትፈልጓቸው። ጥሩምባ ነፊው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲነፋ ወንዱ ድንኳን ሊተክል፣ ሴቱ ድስት ሊጥድ ይወጣል። ረፋዱ ላይ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ንፍሮው ቀርቦ ይገኛል። የሰፈሩ ሰው ቀባሪ አጥቶ አያውቅም። የዕድሩ ዳኛም በዚህ ይኮሩ ነበር፤ ቢኮሩ አይፈረድባቸውም።

አሁን የምናገረው ግን ምሳሌ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ የከተማው ጥራጊ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲከመርበት የኖረው የረጲ ተራራ፣ ሰው ሁሉ ቆሼ የሚለው፣ ተደርምሶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሦስቱ ቀን አለፈ፤ አርባውም ተቆጥሮ ወጣ፤ ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ መጋዘን ገባ። ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ ከዕድሩ አባላት አንዱ የሆነ አጠና ሻጭ ሚስቱንና ልጁን ያጣው በዚያች ማታ ነው እንበል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ ሁዳዴ፣ የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ይህ ሰው ለሰፈሩ መነጋገሪያ ሆነ። የዱቤ ደብተሩን በባለዕዳዎቹ ፊት ቀደደ። ሬዲዮኑን ለጎረቤት ልጅ ሰጠ። የዕድሩን መዋጮ የዓመቱን አስቀድሞ ከፈለና፣ እሱ ቢሞት ገንዘቡን የምትወስደው እህቱ ስሟ በትክክል መመዝገቡን ጠየቀ። ጸሐፊው በደስታ ደረሰኝ ቆረጠለት። የጾም ወቅት ነውና ሰው ሁሉ ንስሐ ገባ፣ ልቡ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ እያለ አመሰገነው። ደግነቱን ያዩ ብዙዎች ነበሩ፤ ጓዙን እየሸከፈ መሆኑን ያየ ግን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከጤና ጣቢያው አንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጣች። ድንገተኛ መከራ የደረሰበትን ሰው በመጀመሪያው ሰዓትና በመጀመሪያው ቀን እንዴት መደገፍ እንደሚቻል አጭር ሥልጠና ወስዳለች፤ ለዕድሩ አባላትም ልታካፍል ፈለገች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ያስቀምጠዋል፦ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ። ሙያው ራሱ ከለቅሶ የተወለደ መሆኑንም ነገረቻቸው። በ1942 እ.ኤ.አ. ቦስተን ከተማ ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ ተቃጥሎ 492 ሰው ሲሞት፣ ኤሪክ ሊንደማን የሚባል ሐኪም ከተረፉትና ከሟች ቤተሰቦች ጋር እየተቀመጠ ሐዘን ሰውን ምን እንደሚያደርገው አጠና፤ ያየውንም ከሁለት ዓመት በኋላ ጽፎ አሳተመ።

ዳኛው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ እኛ ሐዘን አናውቅም ብለሽ ነው?» አሏት። ከዚያም እንድትማር ወደ እማማ ላኳት። እማማ የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ ናቸው።

ልጅቷ ቅር እያላት ሄደች። እማማ ስለ ቃል ምንም አላስተማሯትም። «መርዶ ልናገር ስገባ፣» አሏት፣ «መጀመሪያ ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር ካለ አወርዳለሁ። ሕፃን ካለ ለጎረቤት እሰጣለሁ። ሰውየው እህል መቅመሱን እጠይቃለሁ። ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ከኋላው አቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ነው አፌን የምከፍተው።» ልጅቷ «ተመልከት» የሚለውን ቃል ከወረቀት ይልቅ ያን ቀን ተረዳችው። እማማም ከእሷ የተማሩት አላጡም፤ የሚያለቅስን ሰው «በቃህ፣ እግዜርን አታሳዝን» ማለት እንባውን እንጂ ሐዘኑን እንደማያቆመው ነግራቸው፣ ሳይወዱ በግድ ተቀበሏት።

አንድ ቀን የዕድሩ ጸሐፊ ስለ አጠና ሻጩ ደግነት ሲያወራ ልጅቷ ሰማች። «እንቅልፉስ እንዴት ነው? ይበላል?» ብላ ጠየቀች። የሚያውቅ አልነበረም። እማማ ግን የያዙትን ስኒ አስቀመጡ። «ትናንት ብረት ድስቴን መለሰልኝ። ስንት ዘመን የቆየ ውሰት ነው፤ እኔስ ረስቼው ነበር።»

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮ ይዘው ሄዱ። ልጅቷ ገና ከመግባቷ፣ «ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ሁሉም ያልፋል» አለች። ሰውየው ፈገግ ብሎ «አሜን» አለና ሊሸኛቸው ተነሣ። እማማ አልተነሡም። ዱካውን ስበው ተቀመጡ፤ እንጀራውን ዘረጉ፤ አንድ ጉርሻ አጎረሱት። ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታው ለልጅቷ ከበዳት፤ እማማ ግን የለመዱት ስለሆነ አልከበዳቸውም። ሰውየው ሲናገር ስለዚያች ማታ ነበር፤ አጠና ሊያደርስ ካራ ቆሬ ሄዶ አምሽቶ ነበር።

ተናግሮ ሲያበቃ ልጅቷ ድምጿን ሳትለውጥ ጠየቀችው። «ጋሼ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?»

እማማ አማተቡ። «በስመ አብ! ምን ዓይነት አፍ ነው?» አሉ። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምንለው፤ ጥያቄው ሐሳቡን የሚተክል ይመስለናል። ሥልጠናው የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ያለውን ያወጣዋል። ሰውየውም ልጅቷን ሳይሆን እማማን እያየ፣ «እስከ መጋቢት ሁለት ነበር ያሰብኩት» አለ። መጋቢት ሁለት ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ወዲያው ደግሞ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ «በማርያም ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለ።

«ይህን አልምልልዎትም፣ ጋሼ። ለማን እንደምንነግር ግን አብረን እንመርጣለን።»

እማማ በማርያም ተይዘው የተናገሩት ምስጢር የለም። ቢሆንም በዚያች ሰዓት ከልጅቷ ጎን ቆሙ። «ማርያምስ ከመስቀሉ ሥር ስታለቅስ መቼ ብቻዋን ነበረች? ዮሐንስ አጠገቧ አልነበረም?» አሉት። ሰውየው ሁለት ስም ጠራ፦ እህቱንና የዕድሩን ዳኛ። ልጅቷ ለዚያ ቀን ያዘጋጀውን ነገር እንዲያስረክባት ጠየቀችው፤ አስረከባት።

ዳኛው ሲነገራቸው መጀመሪያ የታያቸው ደንቡ ነበር። «ማን ሞተ ብዬ ሰው ልጥራ?» አሉ።

«ማንም እንዳይሞት ብለው፣» አለቻቸው።

ጥሩምባ አልተነፋም። ዳኛው በየበሩ ዞረው አራት ሰው ጠሩ፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበረባቸው። ለቅሶ ቤት እንደሚታደረው አደሩ፤ ካርታ ተጫወቱ፣ ቡና ተፈላ። ሰውየው ሦስት ጊዜ አሸነፈ፤ አንዱን አጭበርብሮ ነው ይባላል። ጠዋት ከእህቱ ጋር ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ከዚያም ሪፈር ተጽፎለት ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሄደ። እዚህ ላይ ሊመለስ ነበር። በከተማችን «አማኑኤል ገባ» ስድብ ነው፤ ይህ ስድብ ስንቱን ከደጁ እንደመለሰ እግዜር ይወቀው። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ቀደሙና፣ «እኔም ራሴን ያመኛል፣ አብረን እንታያለን» ብለው አስገቡት።

እማማን ተረት ብቻ የሚያደርጋቸው አንባቢ ካለ ዚምባብዌን ይጠይቅ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐራሬ ከተማ አያቶችን እያሠለጠነ፣ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀን ሰው እንዲያዳምጡ አድርጓል። የእኛ ዕድሮች አግዳሚውም፣ አያቶቹም አላቸው። የጎደላቸው ሰውየው በሕይወት ሳለ መድረስ ነው።

መጋቢት ሁለት በሰው መሀል ዋለና አለፈ። ሕክምናው ቀላል አልነበረም፤ እንቅልፉም ቶሎ አልተመለሰም። ሰኔ ላይ ግን አጠና ሻጩ ከባለዕዳዎቹ ከሁለቱ ጋር ተጣላ፤ ደብተሩ ቢቀደድም ዕዳውን በቃሉ ያውቀው ነበርና። አስቀድሞ የከፈለውን መዋጮም ይመለስልኝ አለ፤ ጸሐፊው ደንቡ አይፈቅድም ብሎ ከለከለው። እማማ ይህን ጠብ ሲሰሙ እልል አሉ።

የዕድር ዳኛና ጸሐፊ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ከድንኳኑ ጥገናና ከቀሪ ቅጣቱ በፊት አንድ አጀንዳ አስይዙ፦ በዚህ ወር በቁሙ ያሳሰበን ሰው ማን ነው? ማታ ማን ይሄድለታል?