ሐውልቱ የነበረበት ቦታ

ወረቀቱ ከልጄ የሒሳብ ደብተር የተገነጠለ ነው፤ ባለ ካሬ። ራት ተበልቶ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ እየዞረ ይጻፍበት ተባለ። ዐሥር ዓመት የሞላት ልጄ ቀድማ ቀማችንና "ኮሎሲየም"፣ "ሳንቲም የሚወረወርበት ፏፏቴ"፣ "ጄላቶ፣ በየቀኑ" ብላ ጻፈች። ባለቤቴ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ጻፈችና ጥቂት አሰብ አድርጋ "ጫማ" የሚል ጨመረችበት። እኔ የምጽፈው ስላጣሁ ለአባቴ አሳለፍኩት። አባባ መነጽራቸውን አጠለቁ። የተጻፈውን እንደ ውል ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያም በጡረታ ያልተበላሸው የጸሐፊነት እጃቸው አንዲት መስመር ጨመሩ፦ "ሐውልቱ የቆመበት ቦታ።"

"አባባ፣ ሐውልቱ'ኮ አክሱም ነው ያለው! ተመልሷል!" አለች ልጄ፤ ትልቅ ሰው ለማረም ዕድል በማግኘቷ ደስ ብሏት።

"ቦታውን ነው ያልኩት" አሉ አባባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮማ ለመሄድ እየተሰናዳን ነው። ታላቅ እኅቴ እዚያ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እያስታመመች ነው የምትኖረው፤ በአገሩ አነጋገር "ባዳንቴ" ናት። አባባ ሳይሞቱ ቤቴን ይዩልኝ ብላ የአውሮፕላኑን እኩሌታ እሷ ቻለች። እኩሌታውን እኔ፣ በየመጽሔቱ ደጅ ከምለቃቅመው ላይ እየቆነጠርኩ፣ ሦስት ዓመት አጠራቀምኩ። አራት ሰው፣ ስድስት ቀን። የቪዛው ነገር ሲነሣ አባባ ያገሩ ሰው ሁሉ የሚቀልዳትን ቀልድ ቀለዱ፤ "እነሱ ሲመጡ ማንን አስፈቀዱ?" አሉ። ሳቅን። ይሁንና ቀልድ ጥያቄን ለሌላ ቀን ያሸጋግረዋል እንጂ አይመልሰውም። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አያቱን ያቃጠለው መርዝ ወደ ታዘዘበት ከተማ ሰው ልጁን ይዞ ሊዝናና ይሄዳል ወይ?

የአባቴ አባት በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ዘምተው ነበር። በመጋቢት ወር ጦሩ ተፈትቶ ሲመለስ፣ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ፣ ከአውሮፕላን የወረደው ነገር ጀርባቸው ላይ አረፈ። መጀመሪያ ካፊያ መስሏቸው እንደነበር ይናገሩ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ ግን ሸሚዝ በባዶ ገላቸው ለብሰው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ከሥር ያረጀ የነጠላ ቅዳጅ ይደረግላቸው ነበር። ማታ ማታ ያንን ጀርባ ቅቤ መቀባት የአባባ የልጅነት ሥራ ነበር። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ስለ ሌላ ነገር ስናወራ። ኢጣልያ በጦርነቱ በመርዝ ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስትሯ በይፋ ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ያን ጊዜ አያቴ ከሞቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ቀላሉን ክፍል ቶሎ ልለፈው። "ያሁኖቹ ጣልያኖች ምን አደረጉህ?" ላለኝ ሰው ምንም አላደረጉኝም ነው መልሴ። በደል በደም አይወረስም። እኅቴ ከምታስታምማቸው አሮጊት ጋር በተዋወቁ ዕለት "ኢትዮጵያዊት ነኝ" ብትላቸው "እንደ መንገዱ?" ነበር ያሏት። እውነታቸውን ነው። የሚኖሩት "የአፍሪካ ሠፈር" በሚባለው የሮማ ክፍል ነው፤ እዚያ ቪያሌ ኤትዮጵያ፣ ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ሊቢያ፣ ቪያሌ ሶማሊያ የሚባሉ ጎዳናዎች አሉ። አገራችንን የሚያውቋት እንደ አውቶቡስ ፌርማታ ነበር ማለት ነው። እኅቴ አልተቀየመችም። ዛሬ ሴትዮዋ ከሷ እጅ ካልሆነ ምግብ አይቀምሱም።

ስለዚህ ጥያቄው ስለ እነሱ አይደለም፤ ስለ እኔ ነው። ልጄ ያ ፏፏቴ አጠገብ ቆማ ስትስቅ እኔ ምን እያሰብኩ ነው የምቆመው? ያሰብኩትንስ ልነግራት ነው ወይስ ልደብቃት?

መጀመሪያ የመጣልኝ ብልሃት አምስቱን ቀን ለደስታ፣ አንዱን ቀን ለአባባ መስጠት ነበር። የሒሳብ ሰው ባልሆንም ክፍፍሉ ደስ አለኝ። ከዚያ የከተማውን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና ክፍፍሉ ወዲያው ፈረሰ። ልጄ ወደምትናፍቀው ኮሎሲየም ከፒያሳ ቬኔስያ የሚወስደውን ሰፊ ጎዳና ሙሶሊኒ ነው ሠፈር አፍርሶ እ.ኤ.አ. በ1932 ያስከፈተው። ከመንገዱ ዳር ካለው ግድግዳ ላይ የጥንቷ ሮማ ግዛት ከአንዲት ነጥብ ተነሥቶ እየሰፋ መሄዱን የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ዛሬም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 አምስተኛ ተጨምሮባቸው ነበር፤ የእኛ አገር እንደ ርስታቸው የተቀባችበት። ከጦርነቱ በኋላ አምስተኛው ወረደ፤ አራቱ ቀሩ። ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ደግሞ "የአምስት መቶዎቹ" ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ግዙፍ ሕንጻ ሲጀመር የታሰበው ለኢጣልያ አፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። ለደስታ ብቻ የሚሆን ቀን በዚህ ካርታ ላይ ፈልጌ አጣሁ።

ይህንኑ ለእኅቴ በስልክ ሳጫውታት ዝም አለችና፣ "አንተ፣ እኔማ በአፌ ስንት ዓመት ስለው ኖሬያለሁ" አለችኝ። ጣልያኖች ትርምስምሱ የወጣ ነገርን "አምባራዳን" ይሉታል። ወጥ ቤቱ ሲተራመስ አምባራዳን፣ የልጆች ክፍል አምባራዳን። ቃሉ በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር ከተፈታበት ከአምባ አራዳም የመጣ ነው ይባላል። እኅቴ ይህን እስክታውቅ ድረስ የአሮጊቷን ቁምሳጥን በከፈተች ቁጥር "ምን ዓይነት አምባራዳን ነው!" እያለች አብራቸው ስትስቅ ነበር። "ካወቅሁ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ አምልጦኛል" አለችኝ። እኔ ልቆጣት አልቻልኩም። ከአፍ የገባ ቃል በቀላሉ አይወጣም።

ወደ አባባ መስመር ልመለስ። የአክሱም ሐውልት ሃያ አራት ሜትር ይሆናል፤ ክብደቱ መቶ ስድሳ ቶን ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና በሚባለው አደባባይ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የዘረፈችውን በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ ትመልስ ይላል። ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው። ዛሬ በዚያ አደባባይ ላይ የቆሙት ሁለት ዐምዶች በኒው ዮርክ መስከረም 11 ቀን ላለቁት ሰዎች መታሰቢያ ናቸው። እነዚያም ሟቾች ናቸውና በነሱ አልቀናም። ዳሩ ግን አባባ ሊያዩት የሚመኙት ይህ ነው፤ አንድ ነገር ለስድሳ ስድስት ዓመት ቆሞ የተነቀለበት መሬት። "ምን ያደርግልዎታል?" ብላቸው፣ "ጥርስ ሲወልቅ ምላስህ የት ነው የሚሄደው?" አሉኝ።

ለልጅ ምን ይነገራል በሚለው ላይ ግን ከአባባ ጋር የተጋጨነው በዘርዓይ ደረስ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ሮማ ውስጥ ለድል ማሳያ ቆሞ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ሰይፉን መዝዞ ጠላቱን ሲፈጅ እዚያው መውደቁን ነው ሁላችንም የተማርነው። ሰነዶቹ የሚሉት ሌላ ነው። ዘርዓይ ቆስሎ ተያዘ፤ ከዚያም በእብዶች ሆስፒታል ተዘግቶበት ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሲሊ ውስጥ እዚያው ሞተ። ለልጅቷ ይህን እነግራታለሁ ብል አባባ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ልታሳንሰው ነው?" አሉኝ። እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ቀን ሰይፍ መምዘዝ ይቻላል፤ ሰባት ዓመት እብድ ነህ እየተባሉ መቀመጥ ግን የሚከብድ ነው፤ የማያሳንሰውም ለዚህ ነው። አባባ አልተቀበሉኝም። ምናልባት እሳቸው የሚሟገቱት ለዘርዓይ ሳይሆን ማታ ማታ ቅቤ ለቀቡት ጀርባ ይሆናል። ሰይፍ ያልመዘዘ፣ ቆሞ የተቃጠለ ሰው ታሪክ ለልጅ ሲነገር አያምርም።

ባለቤቴ በዚህ ክርክር ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገባችበት። "ልጅቷ ስትስቅ ልትቆጣት ነው እንዴ?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ካሰብኩበት በኋላ ያገኘሁት ይህ ነው። ሳቋ በአያቴ ላይ የሚደረግ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው እኔ ዝም ብዬ የሸጥኩላት ሳቅ ነው፤ በቅሎዋ አንካሳ መሆኗን እያወቀ ደብቆ እንደሚሸጥ ነጋዴ። በሌላ በኩል ገና ከአውሮፕላን ሳትወርድ ቁጣዬን አሸክሜ ብወስዳት ከተማውን በራሷ ዓይን ሳታየው ትመለሳለች። ለልጅ ተሰፍቶ የተሰጠ ቁጣ እንደ ታላቅ ወንድም ኮት ነው፤ ትለብሰዋለች እንጂ ልኳ አይሆንም።

"ጊዜ ያነጻዋል" የሚሉ አሉ። ኮሎሲየም ራሱ የሰው ደም እንደ ትርዒት የታየበት ቤት አይደለም ወይ? ከኢየሩሳሌም በተዘረፈ ሀብት እንደተሠራ ይታመናል። ዛሬ ግን ማን ያለቅስበታል? ይህ ክርክር ለጥቂት ቀን አሸንፎኝ ነበር። በኋላ ከኮሎሲየም አጠገብ ያለው የቲቶ ቅስት ትዝ አለኝ። በውስጡ ግድግዳ ላይ የሮማ ወታደሮች ባለ ሰባት ቅርንጫፉን መቅረዝ ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ዘርፈው ሲያልፉ ተቀርጿል። የሮማ አይሁዶች ለዘመናት በዚያ ቅስት ሥር አናልፍም ብለው መኖራቸው የታወቀ ነው። ከተማውን ትተው አልሄዱም፤ ቅስቱንም አላፈረሱም። ዳቦ ገዝተውበታል፣ ልጅ ድረውበታል። በዚያች በአንዲት በር ብቻ አላለፉም። እኔ ከዚህ የተማርኩት አለ፤ ደስታን ሙሉ በሙሉ መከልከል ሳያስፈልግ አንዲት በር ማስቀረት ይቻላል። ለአባባ ይህን ብነግራቸው "አየህ!" ብለው ጭኔን መቱኝ፤ በዘርዓይ የተረቱኝን ያህል ደስ ብሏቸው።

እኔም በመጨረሻ በወረቀቱ ላይ የምጽፈው አገኘሁ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆና ከ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ኖራለች። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሮማ ላይ ያሳተሙት እዚያ ተቀምጠው ነው። እኒህ አባት ከደብረ ሊባኖስ ነበር የሄዱት፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ መነኮሳትና ዲያቆናት ከተረሸኑባት ከዚያችው ደብር። ቦታዋን የጻፍኩት ለማጽናኛ አይደለም። ልጄ ወደዚያ ከተማ የሚወስደው መንገድ በአውሮፕላንና በመርዝ እንዳልተጀመረ እንድታውቅ ነው። እንደ ልብ የሚገባባት ቦታ ስላልሆነች ምናልባት ጉልላቱን ከሩቅ አይተን እንመለስ ይሆናል።

ወረቀቱ አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ባለፈው እሑድ ልጄ ወንበር ላይ ቆማ የባቡሩን ካርታ ከወረቀቱ ጋር ስታመሳክር ቆየችና ጮኸች። የአባባ ቦታ ከኮሎሲየም አንድ ፌርማታ ብቻ ነው! ሁለቱንም በአንድ ቀን ማድረግ ይቻላል! በቀይ እርሳስ አንድ ላይ ከበበቻቸው። ከዚያ ወደ አያቷ ዞራ፣

"አባባ፣ የትኛውን እናስቀድም?" አለች።

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። ነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ጠረጉት፣ መልሰው አጠለቁት፣ ወረቀቱን አዩት። ጉዞው ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። እስካሁን አልመለሱላትም።