በሁለት መቶ ሰዓት መምህር

ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ራያ ቆቦ የገባ እንግዳ ዓይኑን የሚይዘው ሜዳው ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ በመካከላቸው የማሽላው አገር ተዘርግቷል። ማሽላው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። ጤፍ አራሚው ከጠዋት እስከ ማታ ቁጢጥ እንዳለ ነው። ለዚህ አገር ገበሬ «ቁጢጥ ማለትን የሚያስተምር ባለሙያ አለ፤ መምህር ለመሆንም ሁለት መቶ ሰዓት ይፈጃል» ቢሉት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትምህርቱ ዋጋ ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ጤንነት ነው።

ነገሩ ግን በቀልድ አያልቅም። ጎብዬም ሆነ ዋጃ፣ ስልክ የያዘ ወጣት እጅ ላይ ዓለም ሁሉ ይደርሳል፤ የዮጋ መምህርነት ማስታወቂያም ከዚያ ውስጥ አንዱ ነው። ክፍያው በዶላር፣ ትምህርቱ በኢንተርኔት፣ መጨረሻው ሰርተፍኬት። ናይሮቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው አፍሪካ ዮጋ ፕሮጀክት ከከተማዋ ድሃ ሠፈሮች የወጡ ወጣቶችን አሠልጥኖ በማስተማር እንጀራ እንዲበሉ አድርጓል። አዲስ አበባ ላይ የህንድ ኤምባሲ በየዓመቱ ሰኔ 14 ቀን የዓለም ዮጋ ቀንን ያከብራል። ቀኑን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ሲያጸድቀው ሐሳቡን በጋራ ያቀረቡት አገሮች 177 ነበሩ። እንግዲህ አንድ የቆቦ ልጅ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ይህን ሰርተፍኬት ይዞ አዳራሽ ቢከራይ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንደኛው «ማን መሰከረልህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የምታስተምረው ስፖርት ነው ወይስ አምልኮ?» የሚል።

የመጀመሪያው ይቅደም። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ዮጋ አሊያንስ ያወጣው የሁለት መቶ ሰዓት ደረጃ ነው። ማኅበሩ ራሱ ማንንም ቀርቦ አይፈትንም፤ ትምህርት ቤቶችን ይመዘግባል፣ ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ተማሪውን ያስመርቃሉ። በአሁኑ ሥርዓት 75 ሰዓት ለልምምዱና ለአካሄዱ፣ 30 ሰዓት ለሰውነት አሠራር፣ 50 ሰዓት ለማስተማር ሙያ ይመደባል። ለታሪክ፣ ለፍልስፍናና ለሥነ ምግባር በአንድነት የሚደርሳቸው 30 ሰዓት ነው። ሺህ ዓመታትን የዘለቀ የአንድ ሕዝብ አስተሳሰብ በአራት የሥራ ቀን ያልቃል ማለት ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ይህንኑ ከመምህሩ ጋር በአካል ሳይገናኙ መጨረስም ተፈቅዷል።

ከቆቦ ተነስቶ በወልድያና በጋሸና በኩል ወደ ጋይንት ለሚወጣ ሰው መምህርነት የሚለካበት ሌላ ሚዛን አለ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነውን ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር የቱንም ያህል ቢዘልቅ እዚያው ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር አይባልም። ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ፣ ለቅዳሴ ደግሞ የወሎዋ ሰለልኩላ አለች። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እየተከላከለ ዓመታትን ያሳልፋል። ብዙው ድጓውን በገዛ እጁ ብራና ላይ ጽፎ ይዞ ይቀርባል። እዚያም ይዘቱን ከድፋቱ፣ ርክርኩን ከጭረቱ ያልለየ እንደሆነ «ተመለስና ቀጽል» ይባላል። ቃሉን ልብ ማለት ያሻል። «ማስመስከር» የሚለው ግስ ፈተና ማለፍን አያወሳም፤ ሌላ ሰው ምስክር እንዲሆን ማድረግን ነው። መስካሪው መምህር የሚያበድረው የራሱን ስም ነው፤ ተማሪው በኋላ ቢያበላሽ የሚጠየቀው «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ነው።

ሙስሊሙ ራያም ከዚህ የራቀ አይደለም። ደረሳው ከአንዱ ሸህ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ እሱም እንደ ቆሎ ተማሪው የሰው እጅ እያየ ኪታብ ይቀራል። የጨረሰ ኢጃዛ ይቀበላል፤ ኢጃዛው «ይህን ኪታብ እኔ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ…» እያለ እስከ ደራሲው የሚያደርስ የሰዎች ሰንሰለት ነው። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ እነዚህን ሰንሰለቶች በዝርዝር ተከትለዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1882 ያረፉት የራያው የአንና ሸህ ጀማሉዲን ሙሐመድና በ1903 ያረፉት የየጁው የዳና ሸህ አህመድ ቢን አደም በዚያ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ዛሬም በዳና ስም የሚምለው ብዙ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደተማሩ ግን ማንም አይጠይቅም።

ዮጋም በቤቱ እንዲሁ ነበር። ጉሩና ሺሽያ፣ መምህርና ደቀ መዝሙር፣ አንድ ጣሪያ ሥር ዓመታት ይኖራሉ። የሰዓቱ ነገር የመጣው ተማሪው ባሕር ማዶ ሲበዛ ነው፤ ስዋሚ ቪሽኑዴቫናንዳ እ.ኤ.አ. በ1969 የአራት ሳምንት የመምህራን ሥልጠና ከጀመሩ ወዲህ ወር የሚፈጅ መምህርነት የተለመደ ሆነ። በዚህ ሰውን መውቀስ አይገባም። የቤተልሔምን መንገድ በአውሮፕላን ቲኬት መተካት የሚፈልግ ዓለም ሲመጣ አንድ ዓይነት መስፈሪያ ያስፈልጋል፤ ሰዓት ደግሞ ለመስፈር ቀላል ነው። ከሁለቱ መመዘኛዎች የሰዓቱ የሚሰፍረው የከፈሉበትን ጊዜ ነው። ሌላው «አልመሰክርልህም» ማለት የሚችል ሰው አለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል።

የሃይማኖት አባቶች በየአገሩ የሰጡት መልስ አንድ አይደለም። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 እንቅስቃሴ፣ አምልኮና ዜማ የተቀላቀለበትን ዮጋ ለሙስሊም የማይገባ አለው። የመካና የመዲና አገር ሳዑዲ ዓረቢያ ግን በ2017 እንደ ስፖርት ፈቀደችው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ2020 በክርስቲያን ሕይወት ቦታ የለውም ሲል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ዮጋ መማራቸውን የከሰሱ ወላጆች በ2013 ተረትተው በ2015ም ይግባኙ አልተሳካላቸውም፤ ፍርድ ቤቱ በዚያ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሃይማኖት አይደለም አለ። ዳኛና ጳጳስ አንዱን ምንጣፍ አይተው ሁለት ነገር አዩ።

ታሪኩም ለሁለቱም መረጃ ያቀብላል። የፓታንጃሊ የዮጋ መጽሐፍ ወደ 195 የሚጠጉ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ስለ አሳና በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ከስምንቱ የዮጋ እርከኖች አሳና ሦስተኛው ነው፤ ከእሱ በፊት አለመዋሸት፣ አለመስረቅ፣ አለመጉዳት ይመጣሉ። አሳና የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ መቀመጫ፣ አቀማመጥ ነው። (ጎንደሬዎቹ ትምህርታቸውን «አቋቋም» ማለታቸውን ለሚያስታውስ አንባቢ ፈገግ ያሰኛል፤ አንዱ አገር መቀመጥን፣ ሌላው መቆምን ጥበብ አደረገው።) ዛሬ በየአዳራሹ የሚታየው ላብ የሚያወጣው ተከታታይ እንቅስቃሴ ግን ብዙው መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ የዮጋ መምህሩ ክሪሽናማቻርያ በማይሶር ቤተ መንግሥት ሲያስተምሩ ነው። ተመራማሪው ማርክ ሲንግልተን በ2010 ባሳተመው ጥናት የአውሮፓ ጂምናስቲክ ጭምር እንዳለበት ይከራከራል። ስለዚህ «ጥንታዊ አምልኮ ነው» ለሚለው የአያት ዕድሜ ያለው ክፍል አለበት ማለት ይቻላል። «ስፖርት ብቻ ነው» ለሚለው ደግሞ የተነሣበት ቤት ቤተ ጸሎት መሆኑን ማስታወስ ያሻል።

ራያ ቆላ ለዚህ ክርክር ከፍርድ ቤቱ የተሻለ መሣሪያ አለው፤ ስግደት የሚባል። ቤተ ክርስቲያን ስግደትን ከፍላ ታስተምራለች፤ የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የጸጋና የአክብሮት ስግደት ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳንና ለመስቀሉ። ጉልበቱ የሚታጠፍበት መንገድ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በልብ ነው። መስጊድ የሚሄደውም ጎረቤት ሥራ ሁሉ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ፣ እንደሚመዘን ተምሯል፤ ሱጁድ ለአላህ ብቻ ነው፣ መላእክት ለአደም የሰገዱትም ሊቃውንቱ እንደሚተረጉሙት ለክብር ነበር። በዚህ ሚዛን የዮጋ አቀማመጥ የሚፈረደው በሠሪው ሐሳብ ነው ማለት ነው። ወጣቱ «እኔ ወገቤን ነው የማፍታታው» ካለ ነገሩ አለቀ።

ነገር ግን አላለቀም። ስግደት በሐሳብ ብቻ የሚኖር ቢሆን ኖሮ የሚከለከልበት ቀን ባልኖረው ነበር። የሰሙነ ሕማማት ዐርብ ቆቦ ምን እንደሚመስል የቆላውን ሙቀት የሚያውቅ ይገምተው። ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የሚያዝያ ፀሐይ በመሬቱም በሰዉም ላይ ወርዳ፣ አሮጊት ከሕፃን ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል። ማምሻውን ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጎ ሌላ ቁጥር ይጨምርለታል። ሁለት ቀን ቆይቶ ትንሣኤ ሲሆን ያ ሁሉ ይቆማል። ሃምሳ ቀን ሙሉ የንስሐ ስግደት የለም። እሑድም የለም፤ የቆረበም በዕለቱ አይሰግድም። ስፖርት አሠልጣኝ ሰውነት የለመደውን ነገር ሃምሳ ቀን አቁሙ ብሎ ቢያዝ ደንበኛ አይኖረውም። መስጊዱም ዘንድ ፀሐይ ስትወጣ፣ አናት ላይ ስትቆምና ስትጠልቅ ተጨማሪ ሶላት አይሰገድም። የታመመ ቁጭ ብሎ፣ ካልቻለም ተኝቶ በምልክት ይሰግዳል፤ ጉልበቱ ሳይታጠፍ ሶላቱ ሙሉ ነው። አንዳንድ ሰባኪና ዳዒ «ስግደት እኮ ለጤናም ይጠቅማል» እያለ ወጣቱን ሲያባብል በቅንነት ነው፤ ግን ሳያውቀው «ስፖርት ብቻ ነው» ለሚለው ወገን ይመሰክራል። የሚከለከልበት ቀን ያለው እንቅስቃሴ ከወገብና ከጉልበት በላይ የሆነ ጌታ አለው።

ይህን ይዞ ወደ ዮጋ የሚመለስ ሰው አንድ ደስ የሚል ነገር ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ያረፉት ፓታቢ ጆይስ ባስፋፉት፣ አሽታንጋ በሚባለው የዮጋ ወግ ጨረቃ በምትሞላበትና በምትወለድበት ቀን ልምምድ የለም። ኒውዮርክም ሆነ ለንደን ወጉን የጠበቀ አዳራሽ በዚያ ቀን ይዘጋል። ስፖርት ነው ብሎ የተመዘገበው ሰው በሩ ተዘግቶ ሲያገኝ ስለ ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። በሌላው አዳራሽ ደግሞ የተከለከለ ቀን የለም፤ ገንዘብ የከፈለ በዓሉም ጾሙም ሳይለይ ይገባል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ስም መያዛቸው ነው ክርክሩን ያጋጋለው፤ ስለዚህ የቆቦው ልጅ ሊጠየቅ የሚገባው «ዮጋ ነው?» ተብሎ ሳይሆን «የምትዘጋበት ቀን አለህ?» ተብሎ ነው። ካለው ከየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ለመናገር ይገደዳል። ከሌለው ጂምናስቲክ ነው፤ ማንም ቄስም ሸህም አይጣላውም፤ ግን ያን ጊዜ የህንዶቹን የተቀደሰ ቃል ለማስታወቂያ መዋሱን ማቆም አለበት።

የባለቤቶቹ ቅሬታም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የሂንዱ አሜሪካን ፋውንዴሽን «ዮጋን እናስመልስ» የሚል ዘመቻ አንሥቶ ነበር። ቅሬታውን ለመረዳት ህንዳዊ መሆን አያስፈልግም። አንድ የሎስ አንጀለስ ኩባንያ ነገ ተነሥቶ «የኢትዮጵያ ስግደት፣ የሁለት መቶ ሰዓት የመምህርነት ሰርተፍኬት፣ ለዳሌና ለጉልበት፣ እግዚኦታው በምርጫ» ብሎ ቢሸጥ የቆቦ ደብር ሊቃውንት ምን ይላሉ? መቋሚያውን የትከሻ ማፍታቻ ዱላ አድርጎ፣ ጸናጽሉን ለሙዚቃ አጃቢ ቢያደርገው? ወይስ ረከዓን የጠዋት ጂም አድርጎ በሰዓት ቢያስከፍል፣ የዳናው ደረሳ በዝምታ ያልፈዋል? «እንቅስቃሴ ብቻ ነው» የሚለውን መልስ ለራሱ የማይቀበል ሰው ለሌላው ሊሰጠው ይከብዳል።

የቀረው የቋንቋ ጣጣ ነው፤ እሱም ትንሽ አይደለም። የአሜሪካዋ አላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1993 ዮጋን ከሕዝብ ትምህርት ቤቶች አግዳ በ2021 ስትመልሰው ሕጉ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ አቀማመጦቹ በእንግሊዝኛ ብቻ ይጠሩ፣ ዜማ አይኑር፣ «ናማስቴ» አይባል፣ ወላጅም ይፈርም። በአማርኛ ይህ ዘዴ አይሠራም። «ሱርያ ናማስካር» በእንግሊዝኛ ለፀሐይ የሚሰጥ ሰላምታ ሆኖ ያልፋል፤ ናማስካር ግን ዝቅ ማለት፣ እጅ መንሣት ነው። ራያ ላይ የሚተረጉመው ሰው ሁለት ቃል ፊቱ ተደቅኗል፤ «የፀሐይ ሰላምታ» ቢል ቃሉን ቀነሰ፣ «ለፀሐይ ስግደት» ቢል በማግሥቱ የአካባቢው ሽማግሌ ደጁን ያንኳኳል። በየትምህርቱ መጨረሻ ሁሉም በጀርባው ተዘርግቶ ዓይኑን የሚጨፍንበት «ሻቫሳና»ም አለ። በቀጥታ ሲተረጎም «የሬሳ አቀማመጥ» ነው። ይህን አዳራሹ መካከል ጮክ ብሎ የተናገረ አሠልጣኝ፣ ምንጣፍ ላይ የተኙት የቆቦ እናቶች «ሟርተኛ! አፍህን ያዝ!» ብለው ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሲነሡ ያያቸዋል፤ ይህን ደግሞ በሁለት መቶው ሰዓት ውስጥ ማንም አላስተማረውም።