እግሬ የሚያውቃቸው እማማ

ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ አንድ ጠዋት ወደ ታክሲ መያዣው ስጣደፍ የሰፈራችን ፋርማሲ ዘበኛ አስቆመኝ። እጁ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት ይዟል።

«ጋሼ፣ ለእማማ ቀብር የሚችሉትን ጣል ያድርጉልን። እድር አልነበራቸውም።»

«የትኛዋ እማማ?»

ዘበኛው በመገረም አየኝ። «እንዴ! ፖሉ ሥር የሚቀመጡት ናቸዋ። በየቀኑ ዞረዋቸው አይደል እንዴ የሚያልፉት?»

ሰጠሁና ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ፊታቸውን ለማስታወስ ሞከርኩ። ምንም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ያለፍኳቸው ሰው ፊት አንዲት ምልክት እንኳ አልመጣልህ አለኝ። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከሳምንት በላይ እግሬ ፖሉ ጋ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ከእግረኛ መንገዱ ይወርድና አስፋልቱን ሁለት እርምጃ ረግጦ ይመለስ ነበር። ቦታው ባዶ ነው፤ እግሬ ይዞራል። እኔ የማላውቃቸውን ሰው እግሬ ያውቃቸዋል።

ነገሩ ሲከነክነኝ፣ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ስለ አንጎል የሚያወሩ ጽሑፎችን ማገላበጥ ያዝኩ። እዚያ ነው በስሟ ሁለት ፊደላት ብቻ፣ ዲ.ኤፍ. ተብላ ከምትታወቅ ስኮትላንዳዊት ጋር የተገናኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1988 ጣሊያን ውስጥ ገላዋን ስትታጠብ ከውኃ ማሞቂያው በወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍና ራሷን ሳተች። እኛ አገር በዝግ ቤት የተቀመጠ የከሰል ምድጃ የሚሠራው ሥራ ነው። ከሞት ተረፈች፤ የነገሮችን ቅርጽ የሚለየው የአንጎሏ ክፍል ግን ተጎዳ። ቀለም ትለያለች፤ ፊቷ የተያዘላት እርሳስ ቆሞ ይሁን ተጋድሞ ግን አታውቅም። ዴቪድ ሚልነርና ሜልቪን ጉዴል የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ፖስታ ሣጥን አፍ ያለ፣ የሚሽከረከር ቀዳዳ አዘጋጁላትና ወዴት እንዳዘነበለ ጠየቋት። አታውቅም። በእጇ የያዘችውን ካርድ ከቀዳዳው ጋር አመሳስላ እንድታጋድለው ሲጠይቋትም አልሆነላትም። ካርዱን እንድትከተው ሲነግሯት ግን እጇን ዘረጋች፤ እጇ ገና መንገድ ላይ ሳለ በልኩ ዞረ፣ ካርዱም ሰተት ብሎ ገባ። ይህ በ1991 ታትሞ ወጣ።

ሰዎቹ ከዚህ ተነስተው፣ ዓይን የሚያመጣው ነገር አንጎል ውስጥ በሁለት መንገድ ይሄዳል አሉ። አንደኛው መንገድ «ምንድን ነው? ማን ነው?» እያለ ይጠይቃል። ሌላው እጅና እግርን ይመራል። ይህኛው ስም አይጠይቅም፤ ርቀት፣ ስፋትና ከፍታ ይበቃዋል። ክፍፍሉ ያን ያህል የጠራ አይደለም፣ ሁለቱ መንገዶች ይነጋገራሉ የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እግሬ ባዶውን ቦታ መዞሩ ደግሞ የልማድ እንጂ የዓይን ሥራ አይደለም። ይሁን። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ለእግሬ እማማ፣ የተቆፈረ ቦይና የሲሚንቶ ክምር አንድ ነበሩ።

አማርኛችን «አይቶ እንዳላየ» የሚል አነጋገር አለው። ስንወቅስ ነው የምንጠቀምበት፤ አይቷል፣ ግን አስመስሏል ማለታችን ነው። የኔ ማስመሰል አልነበረም። በእውነት አላየኋቸውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ካህኑና ሌዋዊው የተደበደበውን ሰው አይተውት ነው የሚያልፉት። ታዲያ እኔ ከነሱ እሻላለሁ ወይስ እብሳለሁ?

ለአንድ ሐኪም ወዳጄ ባጫውተው ሳቀብኝ። «አዲስ አበባ ላይ ያገኘኸውን ሁሉ ፊቱን እያየህ ብትሄድ እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ አትገባም። አንጎልህ አዝኖልህ ነው» አለኝ። እውነት አለው። ቦይ የሚዘል ሰው ቦዩን ነው ማየት ያለበት።

ግን አልዋጥልህ አለኝ። የዲ.ኤፍ.ን መንገድ የዘጋው ጋዝ ነው። የኔ ጤነኛ ነው። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጥድፊያ፣ ገንዘብ ያበደርኩትን ሰው ከሃምሳ ሜትር ለይቼ አውቀዋለሁ። ያበደረኝንማ ከመቶ! የታክሲ ረዳትም ከሚሮጥ ሚኒባስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ማን ተሳፋሪ እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ዓይን ጊዜ አጣሁ አይልም፤ የሚፈልገውን ሰው ፊት ለይቶ ያመጣል። ስለዚህ «አላየሁም» ማለቴ እውነት ቢሆንም ነፃ አያወጣኝም። ማንን መፈለግ እንዳለበት ዓይኔን ያስለመድኩት እኔው ነኝ። የመጀመሪያው ጠዋት ትዝ አይለኝም እንጂ ያን ዕለት ሳላያቸው አልቀረሁም። አይቼ፣ ምናልባት ኪሴን ዳብሼ ዝርዝር አጥቼ፣ በማግስቱ ትንሽ ራቅ ብዬ የዞርኩ ይመስለኛል። ከዚያ ሥራውን ለእግሬ አስረከብኩት።

ሰሞኑን ዘበኛውን ስማቸውን ጠየቅኩት። እሱም አያውቅም፤ እማማ ነው የሚላቸው።

«እሳቸው ግን እርስዎን ያውቁዎት ነበር» አለኝ። «ሳያልፉ የቀሩ ቀን ‹ያ መነጽራሙ ዛሬ አመመው እንዴ?› ይሉኝ ነበር።»