መጀመሪያ በሩን አንኳኩ

የኮንዶሚኒየም ኑሮ ያስመረረው ሰው በዝቷል። አንዱ በውሃው፣ አንዱ በጩኸቱ፣ ሌላው በኮሚቴው ያማርራል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። ሰው በጎረቤቱ ቅር ሲሰኝ አንድ ፎቅ ወጥቶ በር ማንኳኳት አቅቶታል። ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፣ ወረዳ ይመላለሳል፣ በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶ ይለጥፋል፣ የሚያውቀውን ጠበቃ ያማክራል። በሩን ግን አያንኳኳም!

ሰሞኑን ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አባወራ የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ያፈስበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይኛው ቤት ነው። እርጥበቱ ቢጫ ክብ ሠርቶ በየቀኑ ይሰፋል፣ ቀለሙ እየተላጠ ይረግፋል፣ ሥሩ የተቀመጠው ሳፋ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። መናደዱ አይፈረድበትም፤ ማንም ይናደዳል። ታዲያ ምን አደረገ? «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ወረቀት ጽፎ የደረጃው መታጠፊያ ላይ በፕላስተር ለጠፈ። የመጀመሪያውን ማን ሰማው? መልስ ሲያጣ ደግሞ ወርዶ ወደ ላይኛው ቤት የሚወጣውን የውሃ መስመር ዘጋው።

እዚያ ቤት አራስ ነበረች።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው ደርሶ ሕንፃው ሁሉ በርሜሉንና ጀሪካኑን ሲሞላ የአራሷ ቤት ቧንቧ ደረቀ። ልጃቸውን ሊያርሱ ከገጠር የመጡት እናት በዚያ ዕድሜያቸው ጀሪካን እየጎተቱ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ተመላለሱ። የታችኛው ሰው አራስ መኖሯን አላውቅም አለ። እውነቱን ነው፣ አላወቀም። ከጭንቅላቱ በላይ ሕፃን ተወልዶ አላወቀም! ፖሊስ ተጠራ፣ ቃል ተሰጠ፣ በግሩፑ ላይ ስድብ ዘነበ። በመጨረሻ የቧንቧ ሠራተኛ ገብቶ ሲያየው ያፈሰሰው ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ሥር ያለች አንዲት ያረጀች ጎማ ኖራለች። አንድ ሰዓት እንኳ ያልፈጀ ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ ቢያንኳኳ ኖሮ የገንፎው ሽታ ራሱ ይነግረው ነበር። «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ» ብሎ ይገባ ነበር፤ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይቀርብለት ነበር፤ ከዚያ ስለ ጣሪያው ቢያወራ የአራሷ ባል እዚያው ተነስቶ ሠራተኛ ፍለጋ ይወጣ ነበር። አራስ ቤት ላይ ውሃ መዝጋት የት አገር የተለመደ ነው? እናቶቻችን ለአራስ እንጨት ለቅመው፣ ውሃ ቀድተው፣ የጎረቤት ልጅ አጥበው ያሳደጉን እኛ እዚህ ላይ እንድንደርስ ነው?

ከልደታ፣ ከካዛንቺስ፣ ከፒያሳ ተነስቶ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የገባው ሰው ጉርብትናን ከእኔ አይማርም። ትናንት በአንድ ግቢ አሥር አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ተጋርቶ ኖሯል። ያኔም ጠብ ነበር፤ በውሃ ወረፋ፣ በልጅ፣ በቆጣሪ ሒሳብ የማይጣላ አልነበረም። ግን ጠዋት የተጣሉ እናቶች ከሰዓት በኋላ በአንድ ጀበና ዙሪያ ይቀመጡ ነበር። አቦሉ ላይ ያኮረፈች በረካው ላይ ትስቃለች። የአንዷ ልጅ የሌላዋ ቤት ምሳ በልቶ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። ዛሬ የራሳችን ሽንት ቤትና የራሳችን ቆጣሪ አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በሩ ብረት ሆነ፣ ቁልፉ ሁለት ሆነ፣ ሰው በቤት ቁጥሩ ይጠራ ጀመር። «የ304ቷ ሴትዮ» ይባላል። ስም የላትም? የልጅ እናት አይደለችም?

ቤቶቹ ድምፅ እንደሚያሳልፉ እናውቃለን። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ የክፍል መለያው በአግሮስቶን የተሠራም ሞልቷል። ከላይ ቡና ሲወቀጥ ዘነዘናው ከታች ያለው ሰው ራስ ላይ ነው የሚያርፈው። ልጅ ሲሮጥ ይሰማል፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። እንግዲያው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ቡና የምትወቅጡ ሰዎች፣ ከሥራችሁ የሚተኛ ሰው እንዳለ አጥታችሁት ነው? ሙቀጫው ሥር የታጠፈ ጨርቅ ማንጠፍ ምን ይከብዳል? ጎህ ሳይቀድ መዝሙሩን በትልቅ ስፒከር ለሕንፃው ሁሉ የሚለቅስ? አምላክ ሹክሹክታም ይሰማል። የሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ አሁን ጋደም ያለውን ወንድም መቀስቀስ ምን ዓይነት ጽድቅ ነው? የታጠበ ብርድ ልብስ ሳይጨመቅ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ የታችኛው ቤት የደረቀ ልብስ ላይ ሲንጠባጠብ አይቶ ዝም የሚልስ?

ሕጉን ለሚወዱ ሕጉንም ልጥቀስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዝዛል፤ ጭሱ፣ ጥላሸቱ፣ መጥፎ ሽታውና ድምፁ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይከለክላል። የመለኪያውን ስም ልብ በሉ፤ ሕግ አውጪው መልካም ጉርብትናን የሚያውቅ ሕዝብ አለ ብሎ ነው የጻፈው። የጋራ ሕንፃ አዋጁም፣ ቁጥር 370/1995፣ ቤቱ የግል፣ ደረጃውና ጣሪያው የጋራ መሆኑን ደንግጎ የባለቤቶች ማኅበር አቋቁሞልናል። ስለዚህ ሕግ አልጎደለብንም። የጎደለን በር የሚያንኳኳ እጅ ነው።

ፍርድ ቤት አትሂዱ አላልኩም። ድብደባ ካለ፣ ዛቻ ካለ፣ የጋራ ደረጃ አጥሮ የያዘ ካለ፣ ሕግ ለዚህ ነው የተሠራው። ነገር ግን ለአንዲት ጎማ ክስ መሥርቶ፣ ከቀጠሮ ቀጠሮ እየተንከራተተ፣ በየጠዋቱ እዚያው ደረጃ ላይ ፊቱን አዙሮ ከሚተላለፈው ሰው ጋር ዓመታት መኖር ምን ይሉታል? ዳኛ ይፈርድላችኋል፤ ከፍርዱ በኋላ የምትመለሱት ግን እዚያው ሕንፃ ነው። እርቅ ደም ያደርቃል ይሉ የነበሩ አባቶቻችን ስለ ነፍስ ግድያ ነው ያወሩት። እነሱ ደም አስታርቀዋል፤ እኛ ጠብታ ውሃ ማስታረቅ አቃተን!

ደግሞ ጾመኞች ነን። ፍልሰታን ከልጆቻችን ጋር እንጾማለን፣ ሕፃናቱን ተሸክመን እናስቆርባለን፤ ከተጣላው ጋር ሳይታረቅ መባ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ ሄዶ እንዲታረቅ መታዘዙን በየቅዳሴው እየተማርን አንድ ግድግዳ ከሚለየን ሰው ጋር ሰላምታ አቋርጠን እናስቀድሳለን። ሙስሊም ወገኖቼም የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ሳምቡሳ በሳህን ተሸፍኖ ወደ ክርስቲያን ጎረቤት የሚሄድባት አገር ናት ይህቺ። ያ ሳህን ደረጃ ወጥቶ በር ያንኳኳ ነበር። አሁን የት ገባ?

እንዴት ይንኳኳ ለሚል ሰው፣ ይህም የጠፋ ስለሚመስል፣ ልንገረው። በንዴት እንደጋልክ አትውጣ፤ ንዴትህን ጎንህ አሳድረው። ሰው በሚመገብበት ሰዓት አትሂድ፤ በሌሊትም አትሂድ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውጣ። አንኳኩተህ «ቤቶች!» በል። መጀመሪያ ጤናቸውን ጠይቅ፣ የልጆቹን ደህንነት ጠይቅ። ጥፋተኛ ፍለጋ አትጀምር፤ «ከታች ትንሽ ውሃ ይወርድብናል፣ እስቲ አብረን እንየው» በል። ላይኛው ሰው ሽንት ቤቱ ማፍሰሱን በምን ያውቃል? ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይፈስም። አንተ ካልነገርከው ማን ይነግረዋል?

የሚንኳኳበት ሰውም ስማኝ። ጎረቤት በርህ ላይ ሲቆም ሰንሰለቱን ሳትፈታ በስንጥቅ አትናገረው። ግባ በለው። «እኔ ጋ ችግር የለም» ብለህ አትዝጋበት፤ ወርደህ ጣሪያውን በዓይንህ እየው። ካልተግባባችሁ በሕንፃው ውስጥ የሚከበሩ አንድ ሁለት እናትና አባት ጥሩ። እያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ አንድ ጋሼ፣ አንድ እትዬ አይጠፉም፤ የጎደለው የሚያስቸግራቸው ነው። ያም ካልሆነ ኮሚቴ አለ። ወረቀቱና ፕላስተሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይድረስ። የቴሌግራም ግሩፑንማ የውሃ ፈረቃ መንገሪያ አድርጉት፤ የሰው ጫማና የሰው ቆሻሻ ፎቶ እየለጠፋችሁ ጎረቤት አታዋርዱበት። ጫማው ደረጃውን ዘግቶ ከሆነ ባለቤቱ በሩ ሥር ነው ያለው። አንኳኩ!

አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው የሞተ ቀን አስቡት። ሊፍት የለም። ደረጃው ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ሬሳ ሳጥን በቀላሉ አይዞርም። በትከሻና በክንድ ተቀባብሎ የሚያወርድ ጎልማሳ ያስፈልጋል። ያን ቀን ፖሊስ አይመጣም፣ ጠበቃ አይመጣም። ያ የከሰስከው ሰው ነው የሳጥኑን እግር የሚይዘው። ካልያዘስ?

ተከራይ የሚባለውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስንቱ የቤት ባለቤት ዋሽንግተን ነው፣ ዱባይ ነው፣ ወይም ከተማው ውስጥ ሌላ ሰፈር ነው፤ ሕንፃው ውስጥ የሚያድረው፣ ደረጃውን የሚጠርገው፣ ለጥበቃ የሚከፍለው ተከራይ ነው። ስብሰባ ላይ አፉን ሲከፍት ግን «አንተ ተከራይ ነህ፣ አያገባህም» ይባላል። ይህ ነውር ነው። የምታለቅስ ልጅ እናት ተከራይ ሆነች ባለቤት፣ ያው ጎረቤት ናት። ሬሳ ሲወርድ «ባለቤት ብቻ ይያዝ» ትላላችሁ?

የሚያስታርቁን ሽማግሌዎችስ የት ይቀመጡ? ሕንፃዎቹ ሲሠሩ ለለቅሶ፣ ለድግስ፣ ለበግ ማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ በየግቢው የጋራ ቤት፣ እኛ ኮሚናል የምንለው፣ ተሠርቶልን ነበር። በስንቱ ሳይት ዛሬ ተከራይቶ ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኗል፤ ሰው በዓል በመጣ ቁጥር በጉን ደረጃ ላይ ያርዳል፣ ደሙ ወደ ታችኛው በር ይፈሳል፣ ጠብ ይነሳል። ለቀስተኛው መኪና ማቆሚያው ላይ በሸራ ሥር ይቀመጣል። እናንተ የኮሚቴ አባላት፣ የኪራዩን ገንዘብ ምን ላይ እንዳዋላችሁት ለነዋሪው ንገሩት። ውሉ ሲያልቅ አታድሱ፤ ኮሚናሉን አጽድታችሁ፣ አግዳሚ አስገብታችሁ፣ ቁልፉን ለነዋሪው መልሱ።