ያልመረመርነውን ብንናገር በደል ይሆንብናልን?

ዐውቆ የዋሸ ሰው በሐሰቱ እንደሚጠየቅ ሁላችንም እንስማማለን። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። አንድ ሰው የሰማውን ነገር እውነት መስሎት፣ ሳይመረምር፣ በቅን ልብ ለሌላው ቢያስተላልፍና ነገሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በደል አለበትን? ብዙዎቻችን «አላወቀምና የለበትም» ብለን እንመልስ ይሆናል። እኛ ግን ይህ መልስ ለተማሪ አይበቃም እንላለን። በተለይም ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከሌሎቹ የቡና ከተሞች ወጥተን ኮሌጅ ለምንገባ፣ የቤተ መጻሕፍት በር ለተከፈተልን ወጣቶች አይበቃም። ምክንያታችንን ሩቅ ሳንሄድ ደጃችን ላይ ካለው ከቡና ታሪክ ተነሥተን እናስረዳለን።

የካልዲን ታሪክ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ካልዲ የተባለ ፍየል ጠባቂ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ አየ፤ ፍሬውን ወደ አንድ ገዳም ወሰደ፤ መነኮሳቱም በሌሊት ጸሎት እንቅልፍ የሚያርቅላቸውን መጠጥ አገኙ ይባላል። ነገሩ የሆነው በጎማ ወረዳ በጮጬ ነው የሚሉ አሉ። የቡና መገኛ ከፋ ውስጥ ማንኪራ ነው የሚሉም አሉ። እንግዲህ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ስለ ቡና አመጣጥ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ቢታዘዝ ይህን ታሪክ በአምስት ቦታ ያገኘዋል። አምስቱንም ዋቢ አድርጎ ይጽፋል። ልቡም «አምስት ምስክር አለኝ» ይለዋል።

በእውነት አምስት ናቸውን? ይህን የሚመልስለት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ዘዴውም ቀላል ነው። መጽሐፉን ከመሐል ገልጦ የሚፈልገውን ዐረፍተ ነገር ቀድቶ ከመነሣት ይልቅ ወደ ግርጌ ማስታወሻውና ወደ መጨረሻው የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ይሂድ። «ይህ ጸሐፊ ይህን ከማን አገኘው?» ብሎ ይጠይቅ። የተጠቀሰውን መጽሐፍ ፈልጎ እርሱንም እንደዚሁ ይጠይቀው።

በዚህ መንገድ ወደ ኋላ የሄደ ሰው እ.ኤ.አ. በ1922 ዊልያም ዩከርስ የተባለ አሜሪካዊ ያሳተመውን ትልቅ የቡና መጽሐፍ ያገኛል (ከዚህ በኋላም የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካልዲ ስም እዚያ አለ። አሁንም ወደ ኋላ ቢሄድ በ1671 ሮም ላይ በላቲን የታተመ የፋውስቶስ ናይሮን ትንሽ መጽሐፍ ዘንድ ይደርሳል። በዚያም ጠባቂውና መነኮሳቱ አሉ፤ ነገር ግን ጠባቂው ስም የለውም፤ አገሩም የመን እንጂ ኢትዮጵያ አይደለም። እንስሶቹ እንኳ ግመሎች ወይስ ፍየሎች እንደ ነበሩ ጸሐፊው ሁለቱንም ወሬ አስቀምጦ ያልፋል። ከዚያም በፊት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አል ጀዚሪ የተባለ ዐረብ ሊቅ ስለ ቡና ጽፎ ነበር። ይህ ሰው ቃሉን ከማን እንዳገኘ ስም ጠርቶ ይናገራል፤ ምንጩም ከእርሱ የቀደመው ኢብን አብዱል ገፋር ነው። ቡና በሐበሻ ምድር ይጠጣ እንደ ነበር ይመሰክራሉ፤ መቼና በምን ምክንያት እንደ ተጀመረ ግን አይታወቅም ይላሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ለነገሩ በዘመን የቀረቡት «አይታወቅም» አሉ። የራቁት ግን ስምና አገር ጨመሩለት። ወሬ ከምንጩ በራቀ ቁጥር መወፈሩ የተለመደ ነው። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ለዚህ ይመስለናል። ጨምርበት ያሉን መላ ነው እንጂ ሌላ ወሬ አይደለም።

በኦሪቱ ሕግ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ነው። ነገር ግን አምስት ሰዎች አንድ ሰው የነገራቸውን ቢደግሙ አምስት ምስክር አይባሉም፤ አንድ ምስክር ከአራት አስተጋቢ ጋር ነው። መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የተማሪ ሥራ መጻሕፍትን መቁጠር ሳይሆን ምንጮችን መቁጠር ነው። ደግሞም ኦሪት የከለከለችው ሐሰትን መፍጠር ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛ ወሬ መሸከምም ተከልክሏል። ተሸካሚው ሁልጊዜ ክፉ ሰው ስለሆነ አይመስለንም። ተሸካሚ ከሌለ ሐሰት ከተወለደበት ቤት ስለማይወጣ ነው።

«ካልዲ ቢኖር ባይኖር ማንን ይጎዳል? ታሪኩ የአገራችንን ስም ያስጠራል እንጂ!» የሚለን ወንድም አይጠፋም። ለዚህ ወንድማችን የምንመልስለት በራሳችን ላይ የደረሰውን ነው። በ1753 ታላቁ የዕፀዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ ለቡና ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «አረቢካ» አለው፤ አገሩም ዐረብ ምድር ነው ብሎ ጻፈ። ሊቁ አልዋሸም፤ ቡና ወደ አውሮፓ የደረሰው በየመን በኩል ስለነበረ ያገኘውን ወሬ ጻፈ። ነገር ግን ከ270 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከጅማ የሚወጣው ጆንያ ሁሉ ዛሬም የዐረብ ስም ተሸክሞ ይጓዛል። በቅን ልብ የተሠራ ስሕተት ባለቤቱን ከስሙ ለየው። እንግዲህ ይህ የሚያሳዝነን ከሆነ በእኛ ላይ የተደረገውን እኛ በሌላው ላይ ልናደርገው አይገባንም። ስለ የመን የተነገረውን ታሪክ ሳንመረምር የራሳችን ብናደርገው ከዚያ በምን እንሻላለን?

ደግሞም አገራችን የፍየል ምስክር አያስፈልጋትም። የአረቢካ ቡና በዱር በቅሎ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችና በአጎራባቹ በደቡብ ሱዳን በቦማ አካባቢ ነው። የዘር ጥናትም መገኛውን ወደዚሁ ምድር ያመለክታል። ይህን ጠንካራ ማስረጃ ትቶ ደካማውን የሚያስቀድም ሰው አገሩን የወደደ መስሎት ክርክሯን ያዳክምባታል። ደካማው ምስክር ሲረታ ጠንካራውም አብሮ ይጠረጠራልና።

«ኮፊ» የሚለው ስም ከከፋ ወጣ የሚለውም እንዲሁ ነው። ብዙ መጻሕፍት ይህን ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቀድሞ ለወይን ጠጅ ይነገር ከነበረው «ቀህዋ» ከሚለው የዐረብ ቃል ያወጡታል። ሐቀኛ ተማሪ ደስ ያሰኘውን መርጦ ሌላውን አይደብቅም። የመጻሕፍት መምህሮቻችን ትርጓሜ ሲያወርዱ አንዱን ይናገሩና «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ። ይህ ልማድ ከእኛው ቤት የተገኘ ነው፤ በኮሌጅ ጽሑፋችንም ይጠቅመናል።

ሳይመረምሩ መቀበል የሚያስከትለውን ዕዳ ከገበሬ ወላጆቻችን የበለጠ የሚያውቅ የለም። የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይወስዳል። ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ችግኝ የተከለ ሰው ስሕተቱን የሚያየው ድካሙንና ዓመታቱን ከከፈለ በኋላ ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ ተመራማሪዎች በወረርሽኙ መካከል ፍሬያቸው ጤነኛ የሆኑ ዛፎችን ፈለጉ። ያገኟቸውንም «ጤነኛ ናቸው» ተብሎ ስለተወራ ብቻ አላከፋፈሉም፤ ምልክት አድርገው፣ ዘራቸውን አፍልተው፣ ከበሽታው ጋር ፈትነው ነው። በጅማ ዙሪያ የሚታወቁት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከዚህ ሥራ የተገኙ ናቸው። 74 የተመረጡበትን ዓመት 1974ን ያመለክታል፤ የቀረው የእናት ዛፉ ተራ ቁጥር ነው። ችግኙ ምንጩን በስሙ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። እኛስ የምንናገረው ቃል ከየት እንደ መጣ ቢጠየቅ እንደዚህ ችግኝ መልስ ይኖረው ይሆን?

አንዳንዶቻችን «እንዲህ መጠየቅ ከለመድን እምነታችንን አያላላብንምን? ታላላቆቻችንን መድፈርስ አይሆንምን?» ብለን እንሰጋለን። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሁሉን ለማፍረስ ብቻ የሚጠይቅ ሰው አለና። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ በ17ኛው ምዕራፍ የቤርያ ሰዎችን የሚያመሰግናቸው ጳውሎስ የሰበከላቸውን እንኳ በየቀኑ ከመጻሕፍት ጋር እያመሳከሩ ስለመረመሩ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስም ከመጻፉ በፊት ነገሩን ከመጀመሪያው፣ በዓይን ካዩት ተቀብሎ፣ በጥንቃቄ እንደ ተከታተለ በመግቢያው ይነግረናል። በቅኔ ቤትም ተማሪው «ከማን ተማርክ?» ሲባል የመምህሩን ስም ይጠራል፤ ይህም እንደ ክብር ይቆጠራል። ስለዚህ ምንጭን መጠየቅ ከውጭ የመጣ ድፍረት አይደለም። የሽማግሌ ቃልም ራሱ ምንጭ ነው። በጮጬ ያሉ አረጋዊ ስለ ቡና የሚተርኩትን በአክብሮት እንሰማለን፤ «በጮጬ ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ» ብለን እንጽፋለን። ይህን ስንል አላዋረድናቸውም፤ የተናገሩትን በስማቸው አኖርነው እንጂ።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ኮሌጅ የምትገቡ፣ የገባችሁም፣ እነዚህን አራት ነገሮች ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ጥያቄያችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ ግቡ። ጥያቄ የሌለው ሰው በመደርደሪያ መካከል እንደ ጠፋ በግ ይዞራል። በካታሎጉ በደራሲ፣ በርእስና በጉዳይ ፈልጉ፤ ሲቸግራችሁም የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠይቁ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላልና።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ከማመናችሁ በፊት የመጀመሪያ ገጾቹን አንብቡ። ማን ጻፈው? መቼ? ስለ ምን ዓላማ? ነገሩን አይቷል ወይስ ሰምቷል? ቡና ሊሸጥልን የሚፈልግ ነጋዴ ስለ ቡና ጥቅም የጻፈውና ምንም የማያተርፍበት ሐኪም የጻፈው እኩል አይመዘኑም።

ሦስተኛ፣ ስትገለብጡ የደራሲውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን ወዲያው ጻፉ። የእርሱን ቃል ከእናንተ ሐሳብ ለዩ። የሌላውን ሐሳብ የራስ አስመስሎ ማቅረብ በአስተማሪ ፊት ማርክ ያስገኝ ይሆናል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ስርቆት ነው።

አራተኛ፣ ደስ የሚላችሁን ወሬ ከማያስደስታችሁ ይልቅ አጥብቃችሁ መርምሩ። የጠላነውን ነገር ሳንጠራጠር አንቀርም፤ የወደድነውን ግን በሩን ከፍተን እናስገባዋለን። የካልዲ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያለፈው ስለምንወደው ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ በደቂቃ ለመቶ ሰው በሚደርሰው ወሬ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ የባሰ ያስፈልጋል። ስለ ጎረቤቱ ብሔር ወይም እምነት ክፉ የሰማ ሰው ሳይመረምር ቢያስተላልፈው የሚጠፋው ማርክ ሳይሆን የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላልና።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መመርመሪያ መንገድ የሌላት፣ ማንበብ ያልተማረች እናት የሰማችውን ብትናገር አንፈርድባትም። መጻሕፍት ተደርድረውልን፣ ማንበብ ተምረን፣ አንድ ገጽ መግለጥ ታክቶን ያልተረጋገጠውን ብናስተላልፍ ግን «አላወቅሁም» ማለት አያድነንም። ባላወቅነው ሳይሆን ልናውቀው እየቻልን በተውነው እንጠየቃለን። ብዙ ከተሰጠው ብዙ ይፈለግበታልና። አንዳንድ ጊዜም ከብዙ ፍለጋ በኋላ የምናገኘው መልስ «አይታወቅም» የሚል ይሆናል። ያን ጊዜ ያንኑ ለመጻፍ አንፈር፤ እውነት የሆነ «አይታወቅም» ካማረ ሐሰት ይበልጣል።

እውነትን ፈልገን እናገኛት ዘንድ፣ ያገኘናትንም ሳንጨምርባትና ሳንቀንስባት እንናገራት ዘንድ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።